አፉ የማይገጥም ዓሣ

ባለፈው ጥቅምት አጎቴ ለመሬት ጉዳይ ከመንዝ ደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ቢሮው ለምሳ ሲዘጋ ወደ አንድ ጓደኛዬ ካፌ ወሰድኳቸው። እዚያ ስለ ዓሣ አንድ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። የመሬቱ ጉዳይ በዚያው ሳምንት አለቀ። የዓሣው ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የካፌው መግቢያ ላይ ትልቅ የዓሣ ገንዳ አለ። ሰው ፎቶ የሚነሳው እዚያ ጋ ነው። ቤቴ ትንሽ ገንዳ ስላለኝ የካፌውንም የምከታተለው እኔ ነኝ። ደመወዜ ማኪያቶ ነው። የሞቃት አገር ዓሣ እዚህ ማኖር ቀልድ አይደለም። ከተማችን የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ዓሦቹ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይፈልጋሉ። ማሞቂያው ሌት ተቀን ይሠራል። መብራት ከጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሌላው ቢቸግር ብርድ ልብስ አይቸግርም።

በዚያ ሰሞን ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ አዳዲስ ዓሦች አምጥቶ ነበር። ፓሮት የሚባሉትን። አይታችኋቸው ይሆናል፤ ድብልብል ያሉ፣ ብርቱካናማ፣ ፊታቸው በቀቀን የሚመስል። ከመሃላቸው አንዱ ግን ሐምራዊ ነው። ልጆች መስታወቱ ላይ ጣታቸውን የሚጭኑት በእሱ ምክንያት ነው። ሻጩ ለጓደኛዬ «ልዩ ዘር ነው» ብሎታል። ዋጋውም በዚያው ልክ ልዩ ነበር።

«ሲወልድ ልጁም እንዲህ ነው?»

አጎቴ ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም። ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው ገንዳው ፊት ቆሙ። አስተያየታቸው ገበያ ላይ በግ እንደሚያዩት ነው። መጀመሪያ ከጎን። ከዚያ ጀርባውን። ከዚያ አካሄዱን። ሐምራዊው ላይ ቆየት አሉና «ይኼ ሲወልድ ልጁም እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ቀለም ነው። ተወግቶ ወይም ተነክሮ ነው እንዲህ የሆነው» አልኳቸው።

«በመርፌ?»

«በመርፌም ያደርጉታል።»

ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ይኼ ጨው ልሶ ውኃ የጠጣ በግ ነዋ!»

የበዓል ገበያ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በጉ ሌሊቱን ጨው ይልሳል፣ ጠዋት ውኃ ይጠጣል፣ ረፋድ ላይ ሆዱ ተነፍቶ ሙክት ይመስላል። ቤት ሲደርስ ያው የድሮው በግ ነው። አጎቴ ሐምራዊውን ዓሣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መደቡት። የተታለለው ገዥው ነው፣ አለቀ።

እኔም ያለቀ መስሎኝ ወደ ወንበሩ ስመራቸው አልተከተሉኝም። ጎንበስ ብለው ሌላውን ዓሣ፣ ማንም የማያየውን ብርቱካናማውን፣ አፉን እያዩ ነበር። አፉ ትንሽ ነው። ወደ ጎን ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ ይመስላል። ይከፈታል፣ ይጠባል፣ ግን ጥርቅም ብሎ አይዘጋም።

«አፉ አይገጥምም» አሉ።

«ሁሉም እንዲህ ናቸው ጋሼ። ዘራቸው ነው። ሁለት ዓይነት ዓሣ አዳቅለው ነው ያመጧቸው። ወንዶቹ አብዛኞቹ መካን ናቸው።»

«በቅሎ ናቸዋ!» አሉና ደስ አላቸው። «በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።» አጎት ስለ አጎት ሲተርት መስማት ደስ ይላል። ሳቃቸው ግን ወዲያው ቆመ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

«በቅሎ ግን አፏ ይገጥማል» አሉ። ቀጥለውም፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ይኼን አይቶ ማነው ደግሞ ያረባው?» አሉ።

ቡናው መጣ፤ ወሬው ወደ መሬቱ ተመለሰ። እኔ ግን እዚያችው ጥያቄ ላይ ቀረሁ።

ቀላሉ መርፌው ነው

ስለ ዓሣ ቀለም መቀባት ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር። በጣም የታወቀው የመስታወት ዓሣ የሚባለው ነው። የደቡብ እስያ ዓሣ ነው፤ ሰውነቱ ከማስተላለፉ የተነሳ አጥንቱና የሆድ ዕቃው ከውጭ ይታያል። ለእኔ ከዚህ በላይ የሚያምር ነገር የለም። ለነጋዴው ግን «ቀለም የለውም»። ስለዚህ በመርፌ ጀርባውና ሆዱ ላይ የሚያበራ ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ቀለም ይወጉታል። ዓሣው የጣት ቁመት ያህል ነው። ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ መርፌው ለእኛ የእርሳስ ውፍረት ያለው ነገር እንደ መወጋት ነው።

ሌላው መንገድ መንከር ነው። ዓሣ ስትይዙት የሚያሟልጫችሁ ነገር ቆሻሻ አይደለም፤ ከበሽታ የሚጠብቀው ልባሱ ነው። ይህን ልባስ በሚያቃጥል ኬሚካል ይገፉትና ቀለም ውስጥ ይከቱታል። ተርፎ ለገበያ የሚደርሰውን ነው እኛ የምናየው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረገ ጥናት ከተወጉት የመስታወት ዓሦች ከ40 በመቶ በላይ ሊምፎሲስቲስ የሚባል የቫይረስ በሽታ አግኝቶባቸዋል። ካልተወጉት ላይ የታየው 10 በመቶ ገደማ ነበር። ያን ሁሉ የከፈሉበት ቀለም ደግሞ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። የካፌው ሐምራዊ ዓሣም ለጥምቀት አመድማ ሆኗል። ልጆቹ መስታወቱ ላይ መለጠፍ ትተዋል።

«ዓሣ ያመዋል እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ትራውት የሚባሉ ዓሦችን ከንፈር ላይ የንብ መርዝና አሲድ ወጉ። ዓሦቹ ከንፈራቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሹ ጀመር። ሰውነታቸውን ያወዛውዙ ነበር። ለሦስት ሰዓት ያህል ምግብ አልቀመሱም። ማስታገሻ ሲሰጣቸው ይህ ሁሉ ቀነሰ። ዓሣ ሕመምን እንደ እኛ «ይሰማዋል» ወይ በሚለው ላይ ሳይንቲስቶቹ አሁንም ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ። ከንፈሩን ጠጠር ላይ የሚያሽ ዓሣ አይቼ መርፌውን የምይዝበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህን ሁሉ ለማን ብነግር ይስማማል። መርፌው ቀላል ነው ያልኩት ለዚህ ነው። የሚወጋ እጅ አለ፣ የሚወጋ ገላ አለ፣ የሚታለል ገዥ አለ። የምንቆጣበትን ሰው ፍለጋ አንሄድም። አፉ ላይ ስንደርስ ግን የምንቆጣበት ሰው ይጠፋል። ፓሮቱን ማንም አልወጋውም። እንዲሁ ተወለደ።

«የእግዜርን ሥራ መነካካት»

ካፌው ውስጥ ይህን ወሬ ስናነሳ አንድ የሰፈር ሰው «ዋናው ጥፋት እግዜር የፈጠረውን መለወጡ ነው» አሉ። ጠረጴዛው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም በልማድ ነቀነቅሁ። ማታ ሳስበው ግን አላስኬደኝም።

እኛ አገር እግዜር በፈጠረው ቅርጽ ብቻ የሚኖር የቤት እንስሳ አለ እንዴ? በቅሎ በሰው እጅ የመጣች ናት፤ ሠርግም ልቅሶም ላይ በእሷ ነው ኩራታችን። አውራ በግ ይኮላሽና ሙክት ይሆናል። አጎቴ ቤት ልጅ ሆኜ የሴት ግልገል ላት ሲቆረጥ ይዤ አውቃለሁ፤ እጄ ውስጥ እንዴት እንደምትንፈራገጥ አልረሳውም። መለወጥ ራሱ ኃጢአት ከሆነ ዓሣው ገንዳ ዘንድ ሳንደርስ መንዝ ላይ ያልቅብናል።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበብኝ ደግሞ የሚያበራው ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጄሊፊሽ ከሚባል የባሕር እንስሳ የተወሰደ ዘረ መል ዜብራ ዓሣ በሚባል ትንሽ ዓሣ ውስጥ አስገብተው የሚያበራ ዓሣ አገኙ። ሐሳባቸው የተበከለ ውኃ የሚጠቁም ዓሣ ለመሥራት ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለጌጥ መሸጥ ጀመረ። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ግን መሸጥ አይፈቀድም። ሰው ይህን ሲሰማ ይዘገንነዋል። የጄሊፊሽ ዘረ መል ዓሣ ውስጥ! ግን ተመልከቱት፤ ዓሣው ይዋኛል፣ ይበላል፣ ያያል። ቀለሙን ከእናት ከአባቱ ይወርሳል እንጂ ማንም አይወጋውም።

ከእሱ ጎን ጎልድ ፊሽን አስቀምጡት። ቻይናዎች ከሺህ ዓመት በላይ እየመረጡ አርብተውታል። ቤተ ሙከራ የለ፣ መርፌ የለ። ከዚህ ጥንታዊ ጥበብ ውስጥ ግን ዓይኑ ወደ ሰማይ ብቻ የሚያይ ዓሣ ወጥቷል። ከዓይኑ ሥር ውኃ የቋጠረ ትልቅ ፊኛ የሚያንጠለጥል ዓሣም ወጥቷል። ሲዋኝ ፊኛው ይንዘፈዘፋል፤ ስለታም ድንጋይ ከነካው ይፈነዳል። ለዚህ ዓሣ የተዘጋጀ ገንዳ ውስጥ ሹል ነገር አይቀመጥም። ልብ በሉ፤ ዓሣው ከገዛ ቤቱ እንዲጠበቅ የተደረገው የእኛን ዓይን ስለሚያስደስት ነው።

እንግዲህ «ተፈጥሮን መለወጥ» በሚለው ሚዛን ከሄድን የሚያበራው ይወገዛል፣ ባለፊኛው ያልፋል። እኔ ግን ዓሣ ሆነህ ተወለድ፣ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላመነታ የሚያበራውን ነው የምመርጠው።

መጀመሪያ አፍ

አጎቴን መልሼ ለማግኘት ገናን መጠበቅ ነበረብኝ። መንዝ ሄጄ፣ ማታ እሳት ዳር ነገሩን አነሳሁት። በግልጽ ለመሟገት ነው የሄድኩት። «ጋሼ፣ ዓሣውን አይተው አዝነው ነበር። እናንተስ ላት ትቆርጡ የለም?»

«እንቆርጣለን» አሉ። ሊያስተባብሉ አልሞከሩም። «አውራው እንዲደርስባት ነው። ላቷ ከከበደ አትሰጥም።»

«አያማትም?»

«ያማታል እንጂ! ሥጋ አይደለች?»

«እና ለእሷ ነው ለእናንተ?»

«ለእኛ ነው። ለማን ይሆናል?»

ይህ መልስ ነው የረዳኝ። «ለራሷ ጥቅም ነው» ቢሉኝ ኖሮ ክርክሩ እዚያው ይሞት ነበር። እንስሳን ለራሳችን ብለን እንደምንለውጥ፣ እንደሚያማትም ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። እኔም በበኩሌ ላት ያለ ማደንዘዣ መቆረጡ ልክ ነው ብዬ አልወጣሁም፤ እሱ የራሱ ወሬ ነው። የፈለግሁት ሌላ ነገር ነበር። አውራ ሲመርጡ ምን እንደሚያዩ ጠየቅኋቸው።

መንዝ ላይ አውራ መምረጥ ቀልድ አይደለም። በግ አርቢዎች ተሰባስበው፣ ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጋር አብረው አውራ የሚመርጡበት አሠራር ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ግልገሎቹ ይመዘናሉ፣ ክብደታቸው ይመዘገባል። ከዚያ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆመው ያያሉ፤ ቀለሙን፣ ቀንዱን፣ ላቱን። የተመረጠው ይቀራል፣ ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይ ይሸጣል።

«ስለዚህ እናንተም መልክ ትመርጣላችሁ» አልኳቸው፣ ያገኘኋቸው መስሎኝ።

«መልክማ እንዴት አይመረጥ! ጥቁር አውራ ማን ይፈልጋል? ገበያ ላይስ ማን ያነሳልሃል?» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ግን መጀመሪያ አፍ ነው። የታችኛው መንጋጋው ካጠረ ሣር አይግጥም። ከዚያ እግር። ገደል ለገደል ሄዶ ካልበላ ምን ያደርግልሃል? ከዚያ ቆለጡ። እነዚህን ያለፈ እንደሆን ነው ቀለሙን የማየው። አፉ የማይገጥም ወርቅ ቢሆን አላስቀረውም።»

ዓሣ አርቢው የሠራው ነገር እዚያ ገባኝ። መልክ መምረጡ አዲስ አይደለም። ተራውን ነው የገለበጠው። አጎቴ መጨረሻ የሚያዩትን እሱ መጀመሪያ አየ፤ መጀመሪያ የሚያዩትን ጨርሶ ተወው። ፓሮቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ ሲገኝ ክብ ነበር፣ ደማቅ ነበር፣ ፊቱ ያስቅ ነበር። አፉ አይገጥምም። ይህን ያየ ሰው የግድ ነበር፤ ዓሣ አርቢ ጠዋት ማታ ምግብ ይሰጣል። አይቶ ቀጠለ። ሰው ሲወደው ደግሞ እንደገና ቀጠለ። አንዳንዶቹ ከዚያም አልፈው የጫጩቶቹን ጭራ ቆርጠው የልብ ቅርጽ ያለው ዓሣ ነው ብለው ሸጡ። በሌዘር ጽሑፍ የሚነቅሱም አሉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው እንዲህ ያለውን ወሬ ቆፍሮ ለሚያይ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ጀርመኖች ይህን በሕግ ጽፈውታል። የሚወለደው እንስሳ በዘሩ ምክንያት የሚሠቃይ ወይም የጎደለ አካል የሚኖረው ከሆነ ማራባት ይከለከላል። ሕጉ በየቤቱ ይከበራል ማለት አይደለም። ግን ጥያቄው የአጎቴ ነው፤ ይኼን አይቶ ማነው ደግሞ ያረባው?

ሚዛኑን ላለማዛባት አንድ ነገር ልናገር። ፓሮቶቹን በየሳምንቱ አያቸዋለሁ። ሲሠቃዩ የሚውሉ አይመስሉም። ስቀርብ ያውቁኛል፣ ወደ መስታወቱ ይሮጣሉ፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሚኖሩም አሉ። ምግብ የሚፈጩት ጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው፤ ስለዚህ አፋቸው ባይገጥምም አይራቡም። ግን ምግብ ስጥል ቆሜ አያለሁ። ፍሬዋ ቀስ እያለች ትወርዳለች። ፓሮቱ ይደርስባታል፣ ይስባታል፣ ትገባለች፣ ታመልጣለች። እንደገና ይስባታል። ሁለቱን ፍሬ ሲበላ ሦስተኛዋን ሌላ ዓሣ ቀልጥፎ ይወስድበታል። ከሳቡት ምግብ ውስጥ ሲሶውን ማጣት ሥቃይ ነው? አልልም። ግን ያ ድካም አያስፈልግም ነበር። ከእኛ ፈገግታ በቀር ምንም አልገዛም።

ካፌው ምን ይግዛ?

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ታግሦ ይሰማኛል። ከዚያ «እኔ ባልገዛ ሌላው ይገዛዋል» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ደግሞም አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ የዓሣ አርቢዎች መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቀለም የተወጉ ዓሦች እንዳይሸጡ ዘመቻ ሲያደርግ ብዙ ሱቆች አንሸጥም ብለው ቃል ገብተዋል። መርፌው ያለው ሌላ አገር ነው፤ ገንዘቡ ግን ከእዚህ ነው የሚሄደው። ከደብረ ብርሃንም።

ያሉትን ፓሮቶች አውጥተህ ጣል አላልኩትም። ምን አጠፉ? እስኪያረጁ ይኑሩ፣ ምግባቸውን ለብቻ እያደረግሁ እሰጣቸዋለሁ። የጠየቅሁት ሲሞቱ ሌላ እንዳይተካ ነው። አመድማው ሐምራዊም ቢሆን አሁን ከወንድሞቹ ጋር እኩል ይሮጣል፤ ማንም ፎቶ አያነሳው እንጂ።

«እሺ፣ የሚያበራውንስ?» አለኝ በቀደም። አፉም ዓይኑም ክንፉም ደህና ስለሆነ ዓሣው ላይ ጠብ የለኝም አልኩት፤ ግን እንዲህ ዓይነት ነገር አገር የሚገባው በፈቃድ ነው። ብራዚል ውስጥ ከዓሣ እርባታ አምልጠው ወንዞች ውስጥ ሲራቡ የተገኙ አሉ። እዚህ ቢያመልጡ እንኳ የበሬሳ ወንዝ ብርድ የሚያስተርፋቸው አይመስለኝም፤ ቢሆንም። የምመክረው ተራውን ጎልድ ፊሽ ነው። ባለ አንድ ጭራውን፣ ቀጥ ያለውን፣ የሚሮጠውን። ማሞቂያ አይፈልግም፣ መብራት ሲጠፋ ብርድ ልብስ አንፈልግም። ቦታ ግን በደንብ ይፈልጋል፤ እሱ ገንዳ ደግሞ ይበቃል።

«ሲበዙብኝስ?»

«ለእኔ ደውልልኝ። በሬሳ እንዳትደፋቸው ብቻ። ከሁሉም ብርዱን የሚችሉት እነሱ ናቸው።»

ወጪውን በአእምሮው አሰላ። የማሞቂያው የመብራት ክፍያ መቅረቱ ደስ አሰኝቶታል። ስልኩን አውጥቶ የጎልድ ፊሽ ቪዲዮ ፈለገ፤ አብረን ትንሽ አየን። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረና «ይኼኛው አይሻልም? ዓይኑ ሥር ፊኛ ያለው?» አለኝ።